ከሶሌታችን ስር የበቀለው ጡት ድንጋይ

ሐምሌ 9፣ ጠዋት

ግራ ጡቴን ሰጠኋት። ጎተተች፣ ጎተተች፣ ተፋችው። ቀኙን ሰጠኋት። እሱንም ተፋችው። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ደግሞ ግራውን። ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ሥራችን ይኸው ነው።

ውጭ ዝናብ። ባሌ አዳነ የበረንዳውን ባልዲ ደፍቶ መለሰው። ሶሌታው ያንጠባጥባል። ይህን አርማታ ጣሪያ በገዛ እጁ ነው የሞላው። ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮና ሣር፣ እኛ አርማታ። ላዩ ላይ የውሃ ሮቶ አስቀምጧል፤ አንድ ቀን ደግሞ ፎቅ ይጨምርበታል። እስከዚያው ባልዲ እንደፋለን። ምንድን ነው የሚያንጠባጥበው ብዬ ብጠይቀው፣ ላብ ነው፣ አርማታም ያልበዋል አለኝ። ግንበኛው እሱ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

ደብተሬ፣ ከወለድኩ ወዲህ ገና ዛሬ መክፈቴ ነው። አትቀየመኝ። ዜናው አጭር ነው። ሴት ልጅ ወለድኩ። ወባ ያዘኝ። ወባው ለቀቀኝ፤ ወተቴም አብሮት ሄደ።

ሐምሌ 11፣ ከሰዓት

አማቴ፣ እማማ ተዋበች፣ ለአራስ ጥየቃ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ደግ ናቸው። ግን ያዘዙት ካልሆነ እንቅልፍ የላቸውም። አጥሚት በአጥሚት ላይ። አብሽ። ተልባ። ሆዴ ተነፋ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ዛሬ ደግሞ አዲስ ወሬ፣ ጡት ድንጋይ። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ዋሻ አለ አሉ። ከጣሪያው ነጫጭ ድንጋይ ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን የወረዱ፣ ቁርጥ የሴት ጡት፣ ከጫፋቸው ውሃ የሚንጠባጠብ። ወተቷ የጠፋባት ሴት ደረቷን ከፍታ ከስር ትቆማለች። አንድ ጠብታ በዚህኛው፣ አንድ ጠብታ በዚያኛው። "አበድሪኝ" ትላለች። ልጁ ጡት ሲተው ተመልሳ ታመሰግናለች። አዳነን ያሳደገው ይኸው ድንጋይ ነው ይላሉ።

የ4ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። አካባቢ ሳይንስ። ይህን የዋሻ ድንጋይ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ። ውሃው ድንጋይ እያሟሟ ይወርዳል፣ ጠብታው ጫፍ ላይ ኖራውን ይተዋል፣ በላዩ ሌላ ጠብታ፣ በላዩ ሌላ። ጣት ለማከል ሺህ ዓመት። በትሕትና አስረዳኋቸው። በትሕትና ሰሙኝ። ከዚያ የእኔ ልጅ ሺህ ዓመት አልጠበቀም፣ በማግስቱ ጠባ አሉኝ።

ደግነቱ ወንዙ ሞልቷል። ዝናቡ እስኪያባራ ማንም አይሻገረውም። ተገላገልኩ።

ሐምሌ 14፣ 4 ሰ.

አልተገላገልኩም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ።

በረንዳው ጥግ የአዳነ ጣውላ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ነበር። እንዳይበሰብስ ዛሬ ወደ ጓሮ አዞርነው። አማቴ ሊጠርጉ ገቡ። ቀና አሉ። እልልታቸውን አቀለጡት።

ከሶሌታው ስር ድንጋይ ተንጠልጥሏል። እውነተኛ ድንጋይ። ነጭ። አንዳንዱ ቀጭን፣ ውስጡ ክፍት፣ እንደ መኮሮኒ። ሁለቱ ግን ወፍረው ጎን ለጎን ወርደዋል። ከጫፋቸው ጠብ፣ ጠብ። አማቴ ወንዙ ቢሞላ ጊዜ እሷው መጣችልን እያሉ ሊሾውን ሳሙት።

አዳነ ተጠርቶ መጣ። ቀና ብሎ አየ። ፊቱ ሌላ ሆነ። ሚስማር ልግዛ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ሚስማር የለም።

ደብተሬ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ። ይህ ሶሌታ ከተሞላ ገና ሁለት ክረምት ነው። ጣቴን አስጠግቼ ለካሁት። ከጣቴ ይረዝማል። ሺህ ዓመቱስ? መጽሐፉ ዋሸ? ወይስ በመጽሐፍ የሌለ ነገር ቤቴ ገባ? አማቴ ስለ ሺህ ዓመቱ ግድ የላቸውም፤ ለእሳቸው ቀላል ነው። የተደናገርኩት እኔ ነኝ። ስለተማርኩ ነው ተአምር የመሰለኝ።

ሐምሌ 15

ጠዋት። ቆምኩ። ምን ላድርግ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ፊቴን ሳልታጠብ፣ ከሰው ሳልነጋገር፣ ደረቴን ከፍቼ በገዛ በረንዳዬ ላይ ቆምኩ። ተማሪዎቼ ባዩኝ። ጠብታው ይቀዘቅዛል። ግራ። ቀኝ። አበድሪኝ በይ አሉኝ። አልኩ። ጮክ በይ። ጮክ አልኩ። ጎረቤታችን ከድጃ ሱቅ ልትከፍት ስታልፍ ሰምታ ኖሮ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆና ምን ላበድርሽ ብላ ጠየቀችኝ። በሳቅ ፈነዳሁ። አማቴ አልሳቁም።

ማታ። ሞላ! እውነቴን ነው። ግራው ተወጠረ። ልጄ ጠባች፣ ጠባች፣ ወተት ከንፈሯ ላይ እንዳለ ተኛች። እማማ ተዋበች ፈገግ ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

እኔ እንጃ። እኔ እንጃ።

ሐምሌ 18

በየቀኑ ሆነ። ከድንጋዮቹ ስር ስኒ ተቀምጧል። ጠዋት ይቀቡኛል፣ ማታ ይቀቡኛል። የልጄንም ከንፈር በጣታቸው ያርሱላታል። ወተቱ ግን የዚያን ዕለት ብቻ ነበር። ዛሬ ይለበልበኝ ጀመር። ነገርኳቸው። ሲለበልብ እየሠራ ነው አሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኔም በሳቅ አይደል የጀመርኩት።

ሰው መምጣት ጀመረ። ሴቶች ቀና ብለው ያያሉ፣ ያማትባሉ፣ ሻሽ ነክረው ይሄዳሉ። አማቴ በር ላይ ተቀምጠው ያስተናግዳሉ፤ ወገባቸውን እንኳ የሚያማቸው አይመስሉም። አዳነ የሰው ኮቴ ሲሰማ በጓሮ ይወጣል። ምን ሆነሃል አልኩት። ሰው አልወድም አለኝ። ድግስ ላይ መጀመሪያ ደርሶ መጨረሻ የሚወጣ ሰውዬ!

ከድጃም መጣች። ማሻአላህ አለች፣ ለአማቴ ብላ። እኔን ግን ጓዳ ሳብ አድርጋ፣ ወላሂ ይቺ ልጅ ከስታለች ብላ አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ጉያዬ ውስጥ ከተተችልኝ። አማቴ አገኙት። ሳጥን ላይ አወጡት። የጣሳ ወተት ካየች ድንጋይቱ ታኮርፋለች አሉ። ድንጋይ የሚያኮርፍበት ቤት!

ሐምሌ 22፣ ከጤ/ጣቢያ መልስ

ጡቴ ነጣ፣ ተሸበሸበ፣ ተሰነጣጠቀ። ስታጠባ ደም አለው። ልጄ ጡቴን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። አፏ ውስጥ ቀይ ሆኗል። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ልጅ እናቱን ሲሸሽ!

ወተቴ መርሮ ይሆን? የሰው ዓይን ይሆን? ወይስ ባለማመኔ? ሳያምኑ ከሚቀቡት አምነው የሚቀቡት ይሻላል አሉኝ አማቴ፤ ለማለት ያህል ብለውት ይሆናል፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አብሰለሰልኩት። ጠዋት አምናለሁ። ቀትር ላይ አላምንም። ማታ ልጄ ስታለቅስ ያገኘሁትን ሁሉ አምናለሁ።

ጤ/ጣቢያ ወሰድኳት። ሲ/ር ፋንታዬ መዘነቻት። ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች። ምን ቀባሽበት አለችኝ። ምንም አልኳት። ምንም! ልጇን አስተምሬላታለሁ፤ የበረንዳ ድንጋይ አበድሪኝ እላለሁ ብዬ እንዴት ልንገራት? ቅባት ሰጠችኝ። ጡት ላይ አስጠጊያት፣ ሲጎድል የዱቄት ወተት በኩባያ ስጫት፣ ሌላ ምንም እንዳታስነኪ። ሁሉንም እሺ አልኩ።

ቤት ስገባ አማቴ ስኒውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ደስ ብሏቸዋል፣ ዛሬ እስከ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ምን ልበላቸው? ተቀባሁ።

አንተ ደብተር፣ ትስቃለህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እንግዲህ ሁለታችንም እዚህ ነን።

ሐምሌ 27፣ 11 ሰ. ገደማ



ዛሬ ዝናቡ ጋብ ስላለ አዳነ ወፍጮ ቤቱን ሊሾ ሲያደርግ ውሎ መጣ። ታጠበ። እንደ ልማዱ የሰሊጥ ዘይት በመዳፉ አፍስሶ እጁን ያሽ ጀመር። ሲሚንቶ እጅ ይበላል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ልጅቷን ለማጥባት እታገላለሁ፣ ደረቴ ክፍት ነው። ጣቶቹን አየሁ። ነጣ ያለ ቆዳ። የተሸበሸበ። እጥፋቱ ላይ የተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ውስጥ ቀይ። ወደ ጡቴ አየሁ። ደግሞ ወደ ጣቶቹ።

አዳነ፣ አልኩት። ና እይ።

አየ። ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ያን ጊዜ ገባኝ፣ ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል።

ሁሉንም ነገረኝ፤ ልጅቷ እጄ ላይ ባትሆን እመታው ነበር። ሲሚንቶ የተቃጠለ ድንጋይ ነው፤ ኖራው ገና ትኩስ ነው፣ የዋሻው ዓይነት የረጋ አይደለም። ውሃ ከሮቶው ፈስሶ አርማታው ውስጥ ሲሰርግ ኖራውን ጠራርጎ ይወጣል፣ ከስር ይንጠለጠላል። ሺህ ዓመት አያስፈልገውም፤ ክረምት ይበቃዋል። ለምን ሰረገ አልኩት። በበጋ፣ በዚያ በሚነድ ፀሐይ ሞልቶታል፤ ሲያቦኩት ውሃ አብዝተውበታል፣ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ውሃ እየጠጣ መክረም ሲገባው በቶሎ ትተውታል። ዝናብ የሚያንሸራትት ተዳፋት የለውም። ከጠርዙ ስር ጠብታውን የሚቆርጥ ቦይ አላወጣለትም። ለሰው ቤት ይህን ሁሉ ያደርጋል፤ ለራሱ ቸኮለ። ፎቅ የምጨምርበት ነው ብሎ።

እና ሲሚንቶ በልጅህ አፍ ሲገባ ዝም ብለህ አየህ? አልኩት። ጥቂት ውሃ ነው፣ ምን ያደርጋል ብዬ ነው አለ። እጄን በልቶኝ ያውቃል፣ ለጡት አላሰብኩም አለ። ከዚያ እናቴ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም አለ። ከዚያ የመጨረሻውን፦ ከመስከረም በኋላ የሰንበቴውን ቤት እንዲሠራ ቃል ገብተውለታል፤ የራሱ ጣሪያ እንደሚሟሟ ከተሰማ ማን ያሠራዋል።

ሦስቱም እውነት ነው። በየትኛው እንደምናደድ አጣሁ። ለእናቱ አዘንኩ። ለእሱም አዘንኩ፣ ተናድጄ ሳልጨርስ። እስከ እሁድ በራስህ አፍ ንገራቸው፣ አለበለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩት። እሺ አለ።

ነሐሴ 2፣ ጠዋት

እሁድ አለፈ። አዳነ "እማ" ብሎ ጀመረ። እናቱ አቤት ልጄ ሲሉት ውሃ ስጪኝ አለ። ጠጣ። ወጣ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ውሃ ጠጣ!

እኔስ? እኔም አልተናገርኩም። ፍልሰታ ገብቷል። እማማ ተዋበች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ጾማቸውን ለእኔ ወተት ይዘውታል። በዚህ ወገባቸው ሲሰግዱ እያየሁ ምን ብዬ ልናገር?

ስለዚህ ሌላ ነገር ጀመርኩ። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ስኒውን እደፋለሁ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እሞላበታለሁ። ይቀቡኛል። ለልጅቷ ጣታቸውን ሲዘረጉ ተኝታለች እላለሁ። ቆዳዬ መዳን ጀመረ። አየሽ፣ መጀመሪያ ያቆስላል፣ ከዚያ ያሽራል አሉኝ። ደስታቸው አንጀቴን በላው። ከባሌ በምን ተሻልኩ? እሱ ዝም አለ፤ እኔ ዝም ብዬ ውሃ እሞላለሁ።

ወተቴ አሁንም የስኒ ውሃ አያህልም። ልጄ አማቴ ሳያዩ ከሳጥን ላይ እያወረድኩ በምሰጣት የጣሳ ወተት ነው የሰነበተችው። ዛሬ ጣሳውን ገልብጬ መታሁት፤ ታቹ ላይ ለጥቂት ቀን የምትበቃ ቀርታለች። ከድጃ ዘንድ ሄድኩ። መደርደሪያውን አሳየችኝ፣ ባዶ። ከሱዳን በኩል የሚመጣ የለም፣ የጎንደሩም መንገድ ተዘግቷል። ኻላስ አለች፣ እጇን አራግፋ። ከዚያ አቀፈችኝ።

ነሐሴ 8፣ ማታ 1 ሰ.

ከየት ልጀምር።

ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት መጣች። ወጣት። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። አነጋገሯ የጎጃም። አስካል እባላለሁ አለች። ከባሏ ጋር ለሰሊጥ አረም የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ እዚህ ሳሉግ የሚሏቸው። በእርሻው ካምፕ ወንድ ልጅ ወለደች። ትኩሳት ያዘው። ባለፈው ሳምንት እዚያው ቀበሩት። ወተቷ ግን አልሰማም። ልጁ እንደሌለ ማን ይንገረው? ይፈሳል፣ ይጓጉላል፣ ያተኩሳታል። ገበያ ላይ የሽንፋው ድንጋይ እኛ ቤት መጣች ብለው አወሩላት። ውሰጂልኝ ልላት ነው የመጣሁ አለች።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አማቴ ግን አዎ አሉ፤ ድንጋይቱ ታበድራለች፣ ደግሞም ትወስዳለች። እጇን ይዘው ወደ ጥጉ ወሰዷት። ስኒውን አይደለም፤ ከድንጋዮቹ ስር ራሷን ሊያቆሟት ነው። አስካል የነጠላዋን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። ጡቷ የተወጠረ፣ የቀላ። እዚያ ላይ ያ ውሃ!

አዳነ ደጃፉ ላይ ሚስማር ያቃናል። አየሁት። አየኝ። አፌን ከፈትኩ። ቀደመኝ።

"እማ፣ አታስነኪያት! ሲሚንቶ ነው!"

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ሁሉንም ተናገረ፣ ቆሞ፣ በአንድ ትንፋሽ። የተሞላበትን ፀሐይ፣ የሮቶውን ውሃ፣ የእኔን ጡት፣ የልጅቷን አፍ። አማቴ አላቋረጡትም። ሲጨርስ እንዲህ አሉት።

"እኔ አሮጊቷስ አላወቅሁም። አንተ እያወቅህ፣ ለልጅህ አፍ ሲሚንቶ ስቀባ ዝም አልከኝ?"

አማቴ ቁጭ አሉ፣ ሊሾው ላይ። ጣታቸውን፣ ያችን የቀቡባትን፣ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጓት ጀመር። ጠረጉ፣ ጠረጉ። ላቁማቸው ብል እንቢ አሉኝ።

ይህን ጊዜ ልጄ ከውስጥ አለቀሰች። የረሃብ ለቅሶ፣ አውቀዋለሁ። አስካል ደንግጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። ቀሚሷ ከፊት ራሰ፣ እያየነው እስከ ወገቧ ድረስ። ይቅርታ እትዬ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይፈስብኛል አለችኝ። አፈረች። ከእኔ አፈረች!

ወዲያው ሮጬ ልጄን አምጥቼ እጇ ላይ አኖርኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላደረግሁም። በሩ ላይ ቆምኩ። ልጄ ተርባለች። ይህችን ሴት አላውቃትም። ደሟን አላውቅም። ልጄ ተርባለች። ልጄ የእኔ ናት። ልጇ ከሞተ ሳምንቱ፣ እንዴት ይህን ይጠየቃል? ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። በመጨረሻ ተንተባተብኩ። ነገ ጤ/ጣቢያ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ደምሽ ከታየ በኋላ… ፈቃድሽ ከሆነ… አልጨረስኩትም። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ለረጅም ጊዜ ነቀነቀች።

የጣሳዋን የመጨረሻ ማንኪያ አሁን በጠበጥኩ። አስካል ጓዳ ከአማቴ ጋር ተኝታለች። አዳነ የት እንዳለ አላውቅም።

ነሐሴ 9፣ ከሰዓት

ለሲ/ር ፋንታዬ ሁሉንም ነገርኳት። ድንጋዩን፣ ስኒውን፣ ውሸቴን። እንዴት ያለ ቁጣ! አስተማሪ አይደለሽም ወይ አለችኝ። ነኝ እንጂ፣ አልኳት። ከዚያ የአስካልን ደም ወሰደች። ጠበቅን። ደህና ነው። ልጅቷን ሁልጊዜ መጀመሪያ ከአንቺ ታስጠጊያታለሽ፣ ከዚያ ለእሷ አለች። ካልተጠባ ጡት ወተት አይመጣም።

እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ልጄን ሰጠኋት። አስካል ትንሽ አስተካከለቻት፣ እንደለመደ ሰው። ልጄ ያዘች። ስትውጥ ድምፁ ይሰማል። ከወለድኳት ወዲህ እንዲህ ስትውጥ ሰምቼ አላውቅም። አስካል ወደ መስኮቱ፣ እኔ ወደ በሩ ዞረን አለቀስን።

ነሐሴ 14፣ ጠዋት

አስካል እኛ ዘንድ ከተቀመጠች ወዲህ ልጄ ጉንጭ አወጣች። ደስ ብሎኛል።

ደስ አላለኝም። ትናንት አስካል ስትስል ልጄ በእኔ እቅፍ ሆና ወደ ድምፁ ዞረች። ሄጄ ዕቃ አጠብኩ፣ የታጠበ ዕቃ። የልጅሽን ነፍስ ባተረፈች ሴት መቅናት ምን ይባላል? ለሌላ ሰው አልናገረውም። ላንተ ብቻ።

አማቴ ከልጃቸው ጋር አይነጋገሩም። በእኔ በኩል ነው። ምሳው ቀርቧል በይው። ዝናብ ሊመጣ ነው በይው። እሱ ደግሞ ሮቶውን አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ድንጋዮቹን ሰባበራቸው። አሁን መሰላል ላይ ሆኖ ከሶሌታው ጠርዝ ስር ቦይ ይፈለፍላል፣ ዝናቡ ጫፉ ላይ ተቆርጦ ውጭ እንዲወድቅ፣ ወደ ውስጥ እንዳይሳብ። ሲበጋ ላዩን ተዳፋት አድርጎ ይለስነዋል። ድንጋዩ የት ሄደ የሚል ሲመጣ ራሱ ከመሰላሉ ወርዶ ይነግራቸዋል፣ ለአንዱም ሳይደብቅ። የሰንበቴዎቹ ሊቀመንበር ሰምተው ሄዱ። ምን እንዳሰቡ አልታወቀም። አማቴ በመስኮት ያዩት ነበር። መሰላሉን የሚይዝለት የለም ወይ በይው አሉኝ። እኔ ከመናገሬ በፊት ራሳቸው ወጥተው ያዙለት። አሁንም ግን አይነጋገሩም።

ነሐሴ 20፣ 10 ሰ.

ጠዋት የአስካል ባል መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል። እዚህ ያለው አረም አልቋል፣ ገለጉ በኩል ሌላ እርሻ አግኝቷል። ከነገ ወዲያ የጭነት መኪና አለ። እሷም እሺ አለች። እቃዋን ጠቅልላለች፤ እቃ ከተባለ።

መሄዷ ደስ አለኝ። በዚያው ቅጽበት እንዳትሄድ ልለምናት ቃጣኝ። የትኛው ነው እውነተኛው? ሲ/ር ፋንታዬ ትናንት ወተትሽ ተመልሷል፣ ብቻሽን ትችያለሽ ብላኛለች። እውነት ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከእኔ ብቻ ጠብታ ጠግባ ተኛች። አስካል አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አየች። ጎሽ አለች ለልጅቷ። ተነሥታ ወጣች።

ተከትያት ወጣሁ። ጓሮ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። የልጇን ነገር ያን ጊዜ ነው ያጫወተችኝ። አርባ ቀኑ ሳይደርስ ነው የሞተው። ክርስትና አልተነሣም፣ ስም አልወጣለትም። አገሬ ስገባ ምን ይሉኛል አለች። ሰው የእገሌ እናት ይባላል። እኔ ሳልባል ቀረሁ። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ አፈር ከእግሯ ታራግፍ ነበር። ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

የልጄ ክርስትና ዘመን ሲለወጥ ነው። የክርስትና እናቷ የአዳነ አክስት እንዲሆኑ ከመወለዷ በፊት ነው የተነጋገርነው፤ የጎንደር ሰው ናቸው፣ ነጠላውንም ገዝተዋል። ይቀየማሉ። ይቀየሙ። አስካል ብትሆንስ ብዬ እማማ ተዋበችን ጠየቅኋቸው። አዩኝ፣ አዩኝ፣ እስካሁን ምን ስትጠብቂ ነበር አሉኝ። አዳነ ሄጄ ለባሏ ልንገረው አለ። ከለከልኩት። በዚህ ቤት በሌላ ሰው አፍ መናገር ይብቃ።

ቆርጫለሁ። አስካል ናት። እስከ ክርስትናው እዚህ ትቆያለች፣ ከዚያ ገለጉም ትሂድ ጎጃም፣ የእኔ ልጅ የክርስትና እናት ሆና ነው የምትሄደው። እንዲህ ብለው ይጥሯታል። ልጄም አፏን ስትፈታ እንዲሁ ትጠራታለች፤ ይህም ትንሽ ይቆረቁረኛል፣ ልጽፈው እንጂ። አሁን ልጅቷን ታቅፌ ጓሮ እወጣለሁ። እዚያው ናት፣ ጥቅሏ ላይ ተቀምጣለች፣ በመስኮቱ ትታየኛለች። እምቢ ብትለኝስ? ውለታ ልትከፍይኝ ነው ብላ ብትቀየምስ? አስካልዬ ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ግን ምን እንደምል አላውቅም። ልጅቷ ነቃች፤ ልውጣ።